የሩዋንዳ ደም ከጥንት የመጣ ነውን?

አንዳንድ ሰዎች ስለ ሩዋንዳ እልቂት ሲጠየቁ «ሁቱና ቱትሲ ከጥንት ደም የተቃቡ ናቸው» ብለው ነገሩን ይዘጉታል። ይህ አነጋገር ለሰነፍ ዕረፍት፥ ለበደለኛ መሸሸጊያ ነው።

ሁለቱ ወገኖች አንድ ቋንቋ ይናገራሉ፤ በአንድ ኮረብታ ይኖሩ፥ ይጋቡም ነበር። በቀድሞዎቹ ነገሥታት ዘመን ጌታና ገባር አልነበረም አንልም። ነገር ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹ የቤልጅግ ገዦች በእያንዳንዱ ሰው መታወቂያ ወረቀት ላይ ወገኑን ጻፉ፤ ሊለወጥ ይችል የነበረው ማዕረግም የማይፋቅ ዘር ሆነ። አስቀድመው ቱትሲዎችን ሾሙ፤ ነፃነት ሲቃረብ ወደ ሁቱዎች ዞሩ። ከ1959 ጀምሮ ብዙ ቱትሲዎች ተሰደዱ፤ የስደተኞቹ ልጆች በ1990 ከኡጋንዳ ጦር ይዘው መጡ። በ1994 መንግሥቱን የያዙት ሰዎች ሕዝቡን በሬድዮ እያነሣሡ፥ ያንኑ ወረቀት በየኬላው እያስመረመሩ፥ በ100 ቀን 800,000 ያህል ሰው አስፈጁ። በንታራማ ቤተ ክርስቲያን የተጠጉት እንኳ አልተረፉም፤ ከካህናትም ወገን በኋላ በዳኞች ፊት የተፈረደባቸው አሉ። እሳቱም በ1996 ድንበር ተሻግሮ የዛሬዋን ኮንጎ አቃጠለ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የጥንት አባቶች ሥራ ነውን? አይደለም፤ የጻፈው እጅ፥ ያዘዘውም አፍ ይታወቃል። ዘመኑን ሳይመረምር በጥንት የሚያመካኝ ሰው ገዳዩን ከፍርድ ያስመልጣል፤ ነገ የሚጻፈውንም ወረቀት አይቶ አይከለክልም።