የጋራውን መስመር ማን ይለካው?

በዛሬው ጊዜ በመሥሪያ ቤቶቻችን ውስጥ ሰውን ከሰው የሚያቀያይም ዕቃ ቢኖር ራውተር የሚባለው ትንሽ ሣጥን ነው። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ መብራቱን ብልጭ ድርግም ሲያደርግ ላየው ሰው ምንም ክፋት ያለበት አይመስልም። ነገር ግን በነቀምቴም ሆነ በኑኑ ቁምባ ወረዳ አንድ ወጣት ሹም የወር ሪፖርቱን ለመላክ ከጧት እስከ ቀትር ሲደክም፥ አንድ ተማሪም የ12ኛ ክፍል ውጤቱን ለማየት ሲጠባበቅ ሲውል፥ አንዳንድ ጊዜ ምክንያቱ የመስመሩ መጥፋት ሳይሆን ከጎኑ የተቀመጠው ሰው መስመሩን ብቻውን መያዙ ነው።

ነገሩን በቍጥር እንየው። የኢንተርኔት ፍጥነት የሚለካው በሰከንድ በሚያልፈው ሜጋቢት ነው፤ 8 ቢት ደግሞ 1 ባይት ይሆናል። እንግዲህ አሥር ሠራተኞች ያሉት መሥሪያ ቤት 10 ሜጋቢት ቢገዛ በሰከንድ የሚያልፍለት 1.25 ሜጋባይት ብቻ ነው። ጥራት ያለው ፊልም ለማየት 5 ሜጋቢት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች የእግር ኳስ ግጥሚያ ከፍተው ቢቀመጡ ለቀሩት ስምንቱ የሚተርፋቸው በመስኮቱ ላይ የሚሽከረከረውን ክብ ምልክት መመልከት ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ባለቤቱ ሳያውቀው የሚበላው ነው። ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ የትናንቱን ሠርግ ፎቶግራፍ ሁሉ ማንም ሳያዘው ወደ ሩቅ ማከማቻ ይልካል። በብዙ መስመሮች የመላኪያው መንገድ ከመቀበያው ይልቅ ጠባብ ነው፤ ገጽ የሚከፍት መሣሪያ ግን ላኪውን «ደርሶኛል» እያለ ያለማቋረጥ መመለስ አለበት። የመልሱ መንገድ በሠርግ ፎቶግራፍ ከተጨናነቀ የሚመጣውም አብሮ ይዘገያል።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። በራውተሩ ጀርባ የተለጠፈውን ቍጥር፥ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 የሚለውን፥ በኮምፒዩተሩ ላይ ጽፎ በይለፍ ቃል የገባ ሰው በአያሌ ራውተሮች ውስጥ የባንድዊድዝ መቈጣጠሪያ ያገኛል። እዚያ ላይ የሚሞላው ጠቅላላ መጠን ከእውነተኛው ፍጥነት ጥቂት ዝቅ ብሎ 90 በመቶ ያህል ቢሆን ይበጃል። ወረፋው ከራውተሩ ወዲያ፥ በቴሌው መስመር ላይ፥ የተሠራ እንደ ሆነ ራውተሩ ማንን አስቀድሞ ማንን ሊያስከትል ይችላል? ራውተሩ ይህ መቈጣጠሪያ የሌለው እንደ ሆነ ያለው ሁለተኛ ራውተር ገዝቶ ከእርሱ ጋር ማያያዝ ነው።

እዚህ ላይ ግን ከብዙዎች ጋር አልስማማም። ገደብ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ጣሪያ ነው፤ ይኸውም ለእያንዳንዱ 1 ሜጋቢት ሰጥቶ ከዚያ በላይ አትለፍ ማለት ነው። ፍትሕ ይመስላል። ዳሩ ግን ዘጠኙ ወደ ቤታቸው ገብተው አንዱ አምሽቶ ሲሠራ እርሱ በ1 ሜጋቢት እያዘገመ የቀረው ሁሉ ማንንም ሳይጠቅም ያድራል። የሚሻለው ወለል ማበጀት ነው። መስመሩን ሁሉም በሚሻበት ሰዓት ለእያንዳንዱ የማይነካ ድርሻ ይጠበቅለት፤ ባልንጀራው ያልፈለገውን ግን የፈለገ ይውሰድ። መልካም ራውተር ይህን ለማድረግ ይችላል፤ ሰነፍ አስተካካይ ግን ጣሪያውን ይመርጣል፥ ቀላል ነውና።

በቦረና ጥልቅ የቱላ ጉድጓዶች ዘንድ የከብቱን የመጠጫ ተራ የሚያስከብር ሰው አለ፤ አባ ሄረጋ ይባላል። ውሃው ጥቂት፥ ከብቱ ብዙ ነው፤ ተራው ግን አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ባለከብቱ ቀኑን ያውቃል። በመሥሪያ ቤቶቻችን የይለፍ ቃሉን የያዘው ወጣት የአይሲቲ ባለሙያ ሥራው ከዚህ ይለያልን? ልዩነቱ የእርሱን ተራ ማንም አለማየቱ ነው። የተቀየመውን ሰው መስመር ቢያጠብበት፥ የአለቃውን ስልክ ከገደቡ ውጭ ቢያደርገው፥ ማን ያውቅበታል? ይባስ ብሎም በአንዳንድ ቦታ የይለፍ ቃሉ ከፋብሪካው እንደ ወጣ «አድሚን» ሆኖ ስለሚቀር ገብቶ የሚያበላሸው ማንም ነው።

በወለጋ ደግሞ ይህ ነገር ከሌላው ቦታ ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ አንሥቶ እስከ መጋቢት 22 ቀን ድረስ በብዙ የወለጋ ክፍሎች ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ያለ መስመር የተቀመጠ ሰው ዛሬ ስልኩ በድንገት ሲዘገይበት «ዘጉብኝ» ቢል የሚፈረድበት አይደለም። ስለዚህ ገደቡ በምሥጢር ከተደረገ፥ ለበጎ የታሰበ ቢሆንም እንኳ፥ የሚያተርፈው ጥርጣሬን ነው።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። የእያንዳንዱ ድርሻ በወረቀት ተጽፎ ከራውተሩ አጠገብ ይለጠፍ። አዳዲስ ስልኮች መለያ ቍጥራቸውን እየለዋወጡ ከገደቡ ሊያመልጡ ስለሚችሉ ሠራተኛው ይህን ልማድ በመሥሪያ ቤቱ መስመር ላይ እንዲያጠፋው ይነገረው። የኃላፊውም ስልክ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ስልክ በዚያው ሠንጠረዥ ውስጥ ይግባ። ከዞኑ ጋር በቪዲዮ ስብሰባ ያለው ቀን ግን ሰዓቱ ተጽፎ ድርሻው ይጨመርለታል፤ ስብሰባው ሲያበቃ የተጨመረው ይነሣል።