ፋብሪካው የገጠመውን ቱርቦ አትንኩት

ለሃይሉክሱ ትልቅ ቱርቦ ሊያስገጥም ለሚያስብ የአዲስ አበባ ነዋሪ ምክሬ አንድ ነው፤ ይቅርበት። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሯ ግፊትም ከጅቡቲ ወደብ በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ፋብሪካው የገጠመው ቱርቦ ይህን ጉድለት ለመሙላት ሲል ቆላ ካለው ይበልጥ ይፈጥናል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ሲሾር ከብረት ጋር እንዳይፋተግ የሚያደርገው ስስ የዘይት ሽፋን ነው። ትልቁ ቱርቦ ግን ክንፉ ከባድ ስለሆነ ቶሎ አይነሳም፤ የእንጦጦን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ስንያያዝ፣ ጉልበት በሚያስፈልገን ሰዓት፣ መኪናው ይንፏቀቃል። ናፍታ ካልተጨመረለት ትርፉ አየር ብቻውን ጉልበት አይሆንም፤ ከተጨመረለት ደግሞ ሙቀቱ ፒስተንና ቴስታ ላይ፣ ጫናው ፍሪሲዮን ላይ ያርፋል። ለውድድር መኪና ሙሉ ሞተሩን አፍርሶ ለሚያዘጋጅ ሰው ነገሩ ሌላ ነው። ለቀረነው ግን መኪናው ጉልበት አጣ ማለት ብዙ ጊዜ ቱርቦው አነሰ ማለት አይደለም። መካኒኩ በመጀመሪያ የኢንተርኩለሩን ቱቦ በእጁ ይዳብስ፤ ማሰሪያው ሥር ዘይት ያዘለ ጥቁር እድፍ ካገኘ ግፊቱ የሚያመልጠው በዚያ ነው። ከዚያ የአየር ማጣሪያውን ይቀይር፣ የሞተር ዘይቱንም ጊዜውን ጠብቆ ይለውጥ።