የማያረጁ ጀግኖች

በአሜሪካ አገር ኮሚክ እየተባሉ በሚታተሙት ባለ ሥዕል መጽሔቶች ውስጥ የሚኖሩት ልዕለ ኃያላን ጀግኖች እርጅናን አያውቁም። ሱፐርማን በ1938 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) መጀመሪያ ሲወጣ ጐልማሳ ነበረ፤ ዛሬም ያው ጐልማሳ ነው። በ1992 ሞተ ተብሎ ተጻፈ፤ በሚከተለው ዓመት ተመለሰ። ብዙ ሰዎችም ይህን አይተው፥ የማይለወጥ ሰው ታሪክ የለውም ሲሉ መጽሔቶቹን ይነቅፋሉ።

ይህ ነቀፋ ግን ነገሩን በሚገባ አልመረመረም። በተረት ያለችው ጦጣ ብልጠቷን ትታ ጨዋ ሆነች ሲባል የሰማ ማንም የለም፤ ቢሰማም ደስ አይለውም። ሱፐርማንም እንዲሁ ነው፤ ልጅ የአባቱን ጀግና ሳይለወጥ ያገኘዋል።

በደሉ ያለው ከሌላ ስፍራ ነው። ስታን ሊና ስቲቭ ዲትኮ በ1962 ስፓይደርማንን ሲያወጡ፥ ፒተር ፓርከር የሚባል ወላጅ አልባ ተማሪ አደረጉት። ይህ ልጅ ቆሞ አልቀረም። ሊይዘው ሲችል ቸል ብሎ ያሳለፈው ሌባ አጎቱን ገደለበት፤ በ1965 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨርሶ ኮሌጅ ገባ፤ በ1973 የሚወዳት ግዌን ስቴሲ ሞተችበት፤ በ1987 ሜሪ ጄንን አገባ። ከእርሱ ጋር ተማሪ የነበረው አንባቢም ከእርሱ ጋር ጐለመሰ።

የማርቭል ዋና አዘጋጅ የነበረው ጆ ኬሳዳ ግን ጋብቻ ጀግናውን ያስረጀዋል የሚል አሳብ ነበረው። ስለዚህ በ2007 በወጣው ታሪክ አክስቱ ሜይ በጥይት ተመትታ ለሞት ስትቃረብ፥ ባልና ሚስቱ ሜፊስቶ ከተባለ የአጋንንት አለቃ ጋር ተዋዋሉ፤ አክስቲቱ ትድናለች፥ ጋብቻቸው ግን እንዳልነበረ ይሆናል፥ ከእነርሱም ልብ ይጠፋል። (ትዳርን በአክስት ዕድሜ መለወጥ እንዴት ያለ ፍቅር እንደ ሆነ ያገቡ ሰዎች ይፍረዱ።)

ፒተር ቢፋታ ወይም ሚስቱ ብትሞትበት፥ ኀዘን ቢሆንም ታሪክ ነው፤ ሰውዬው ያዝናል፥ ይማራል። የሆነው እንዳልሆነ ሲቈጠር ግን የተጐዳው ጀግናው አይደለም፥ እርሱማ አያስታውሰውም፤ የሚያስታውሰው ሃያ ዓመት ገንዘቡን እየከፈለ ያነበበው ሰው ነው። ደግሞም አስገዳጅ ምክንያት አልነበረም። ለአዲስ አንባቢ ወጣት ፒተር ያስፈልጋል ቢባል፥ ማርቭል ራሱ ከ2000 ጀምሮ የዐሥራ አምስት ዓመቱን ፒተር ለብቻው በሌላ መጽሔት ያሳትም ነበር፤ ሁለቱም ጐን ለጐን ይሸጡ ነበር።

በ2024 ያው ማርቭል ሚስትና ሁለት ልጆች ያሉትን ፒተር ፓርከር በአዲስ መጽሔት ማውጣት ጀመረ። ሚስቱም ሜሪ ጄን ናት።