የጋራው ፎልደር እንቢ ሲል

አንባቢ ሆይ፤ የመሥሪያ ቤትህን ወይም የዩኒቨርሲቲህን የጋራ ፎልደር ልትከፍት ስትል ኮምፒውተሩ ስምና የይለፍ ቃል ደጋግሞ እየጠየቀ ቢመልስህ፣ ቃሉን ሦስት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ፣ ሰባት ጊዜ እየጻፍህ አትታገለው። በብዙ መሥሪያ ቤት ስሕተቱ ሲደጋገም ሰርቨሩ ሌባ ነው ብሎ ይጠረጥርና ስምህን ለጊዜው ይዘጋዋል፤ ያን ጊዜ ትክክለኛውን ቃል ብትጽፍም አይከፍትልህም። የወሩ ሪፖርት በ10 ሰዓት የሚፈለግ ከሆነ መዘዙን አንተው ታውቀዋለህ።

ይልቅስ እጅህን አንሣና የወጣልህን ጽሑፍ አንብብ። ጸሐፊዎቻችን ይህን አንድ ነገር ቢለምዱ የአይቲ ክፍል ግማሽ ሥራው በቀለለለት ነበር። «የኔትወርኩ መንገድ አልተገኘም» የሚል ከሆነ የይለፍ ቃልህ ምንም በደል የለበትም፤ ኮምፒውተርህ ገና ሰርቨሩ ዘንድ አልደረሰም። ሽቦው ወልቆ፣ ወይም በእንግዶች ዋይፋይ ገብተህ ይሆናል። «መግባት አልተፈቀደልህም» የሚል ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰርቨሩ ማንነትህን አውቆሃል፤ ነገር ግን ስምህ በዚያ ፎልደር ከተፈቀደላቸው ሰዎች መካከል የለም። ለዚህ መድኃኒቱ ፎልደሩን የሚያስተዳድረውን ሰው መጠየቅ ብቻ ነው።

«ስሙ ወይም የይለፍ ቃሉ ትክክል አይደለም» ሲልህ ግን መመርመር ያለብህ አንተ ነህ። ትናንት የይለፍ ቃልህን ለውጠህ እንደሆነ አስታውስ። ዊንዶውስ አሮጌውን ቃል ክሬደንሻል ማናጀር በሚባለው ቦታ አስቀምጦ፣ አንተ ሳታውቅ እርሱኑ እየላከ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ ፈልገህ ሰርዘውና እንደገና ግባ። ጧት ኮምፒውተሩን የምትከፍትበት አጭሩ የፒን ቁጥርም ለዚያው ለአንዱ ኮምፒውተር ብቻ የተሰጠ ስለሆነ ሰርቨሩ አያውቀውም። ደግሞም የዓይን ምልክቱን ተጭነህ የጻፍኸውን እየው፤ አንዳንዴ ኪቦርዱ ከአማርኛ ሳይመለስ ይቀርና ከነጥቦቹ በስተ ጀርባ ፊደሉ ሌላ ሆኖ ይገኛል።

ይህ ሁሉ ደኅና ሆኖ አሁንም እንቢ ካለ፣ በስተ ቀኝ ጥግ ያለውን ሰዓት ተመልከት። ሰዓት ከፎልደር ጋር ምን አገናኘው ትል ይሆናል። በታላላቅ መሥሪያ ቤቶች ማንነትህን የሚመረምረው ዘዴ ኬርቤሮስ ይባላል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተሠራ ሲሆን፣ ስሙም በግሪኮች ተረት የሙታንን አገር በር ከሚጠብቀው ባለ ሦስት ራስ ውሻ የተወሰደ ነው። ዊንዶውስ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራበታል። ይህ ዘበኛ እንደ ቲኬት ያለ ማስረጃ ይሰጥሃል፤ ሌባ መልእክትህን ቀድቶ ቆይቶ እንዳይጠቀምበትም የተላከበትን ሰዓት ያያል። ተለውጦ ካልተደነገገ በቀር የአንተና የሰርቨሩ ሰዓት ከ5 ደቂቃ በላይ ቢለያይ አይቀበልም።

እኛ አገር ይህ ነገር ሁለት ሰበብ አለው። አንደኛው የኮምፒውተሩ ትንሽ ባትሪ ሲሞት ነው፤ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ሰዓቱ ወደ አሮጌ ዘመን ይመለሳል። ሁለተኛው የራሳችን ነው። ጧት 3 ሰዓት ላይ ማሽኑ 9 ሲል ያየ ሰው፣ ተሳስቷል ብሎ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሰዋል! አትንካው። የሰዓት ክልሉን ብቻ አስተካክል፤ በዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባን ብታጣ የእኛ ሰዓት ናይሮቢ በሚለው ሥር ነው።

ያለ ይለፍ ቃል ይከፈት የነበረው ፎልደር አዲስ ኮምፒውተር ከተገዛ ወዲህ እንቢ ብሎ እንደሆነ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው የዊንዶውስ 11 እትም በእንግዳ ስም መግባትን በብዙዎች ዘንድ ስለ ዘጋ ነው። ፎልደሩ ስምና ቃል ይበጅለት እንጂ መከላከያውን አታስነሣ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ጊዜው ሲያጥር አጠገብህ ያለው ባልደረባ «በእኔ ስም ግባ» ይልህ ይሆናል። ደግ አሳብ ነው፤ ነገር ግን በዚያ ሰዓት የተሰረዘ ወይም የተለወጠ ፋይል ቢኖር ሰርቨሩ የሚመዘግበው የእርሱን ስም ነው፤ ተጠያቂውም እርሱ ይሆናል። አንተም ብትሆን ያለ ፈቃድ መግባትን የሚቀጣ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ። ይልቅስ የጽሑፉን ቃል በቃል፣ የደረሰበትን ሰዓትና የኮምፒውተሩን ስም በወረቀት ጽፈህ ለአይቲ ክፍል ስጥ፤ ለአለቃህም ሪፖርቱ ለምን እንደ ዘገየ ከ10 ሰዓት በፊት ንገረው።