ቮልስ ላይ ኤሲ? እስቲ ሒሳቡን እንሥራው

ሰሞኑን ስልኬ ላይ የሚመጣልኝ ቪዲዮ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኗል። የድሮ ቮልስ፣ አዲስ ቀለም፣ አዲስ ወንበር፣ ታብሌት የሚያክል ስክሪን። መጨረሻ ላይ ልጁ እጁን ዳሽቦርዱ ሥር ሰዶ «ኤሲ አላት እኮ!» ይላል። ኮሜንቱ በእሳት ኢሞጂ ይጥለቀለቃል። ከዚያ ያው የተለመደው ጥያቄ ይከተላል፦ «ስንት ፈጀ? የት ነው የሚሠሩት?»

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ነው መሰለኝ፣ እኔን ቀድሞ የሚመጣብኝ ጥያቄ ሌላ ነው። በዚያ ብር ምን ሳይሠራ ቀረ? ክፍል ውስጥ ኦፖርቹኒቲ ኮስት ብለው ያስተማሩን ነገር ጋራዥ ውስጥ ከየትም በላይ ግልጽ ነው፤ ኤሲ የገዛ ብር ፍሬን አይገዛም።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንግባባ። እኛ ሀገር አሮጌ መኪና እንደ ፈረንጁ የጡረተኛ ሀብታም መጫወቻ አይደለም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተባለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲለቀቅ የመለዋወጫው ዋጋ ምን እንደሆነ ሶማሌ ተራ ጎራ ያለ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ከአባት ወይም ከአጎት የተወረሰች ቮልስ ለብዙ ወጣት ያለችው ብቸኛ መኪና፣ ምናልባትም ብቸኛ ንብረት ናት። በታሪክም ቢሆን ቀላል ዕቃ አይደለችም፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ቮልስ ነበረች። እንዲህ ያለ ንብረት ላይ መሰርሰሪያ ከማንሳት በፊት ማሰብ ይገባል።

አሁን ወደ ሞተሩ እንምጣ። ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው። አየሩን የሚነፋው ማራገቢያ ደግሞ ዲናሞው ዘንግ ላይ ነው የተቀመጠው፣ ሁለቱንም የምታዞራቸው አንዲት ቺንጊያ ናት። እሷ ከተበጠሰች ባትሪ መሙላት ብቻ ሳይሆን ሞተሩ ራሱ መቀዝቀዝ ያቆማል። ኤሲ ስትገጥሙ እዚያው ጠባብ ክፍል ውስጥ ኮምፕሬሰር ይጨመራል፣ ሌላ ፑሊ፣ ሌላ ቺንጊያ። ሞተሩ ከኋላ፣ ቀዝቃዛው አየር የሚወጣው ከፊት፤ ስለዚህ የጋዙ ቱቦ መኪናዋን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣል። ኮንደንሰሩ የት ይቀመጥ? ፊት ለፊት ነፋስ የሚያገኝበት ክፍት ቦታ የላትም። አንዳንዱ ከሥር ይሰቅለዋል። የኛ መንገድ ጭቃና ጠጠር እንግዲህ እዚያ ይጠብቀዋል።

ጉልበቱስ? ባለ 1300ዋ ቮልስ ከፋብሪካ ስትወጣ 40 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ይህ ግን በባሕር ጠለል ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡራተር ያለው ሞተር ከአቅሙ አንድ አምስተኛ ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ ያጣል። 31 ያህል ቀረ በሉ፣ ያውም ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ። የኤሲ ኮምፕሬሰር 3 ወይም 4 የፈረስ ጉልበት ቢወስድ ከቀረው ላይ ከአሥር አንዱን እጅ ወሰደ ማለት ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ አራት ሰው ይዛችሁ ስትወጡ ኤሲውን ማጥፋታችሁ አይቀርም። በመብራት ላይ ቆማችሁ ስትጠብቁ ደግሞ ኮምፕሬሰሩ ቀስ ብሎ ስለሚዞር በቅጡ አያቀዘቅዝም። ታዲያ መቼ ልትጠቀሙበት ነው?

ኤሌክትሪኩም አለ። የቆዩት ቮልሶች 6 ቮልት ናቸው፤ ኤሲው ደግሞ 12 ቮልት ይፈልጋል። 12 ቮልት የሆኑትም ብዙዎቹ ዲናሞ እንጂ አልተርኔተር የላቸውም፤ ዲናሞ ደግሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ይህ ነው የሚባል ነገር አያመነጭም። ማታ፣ ዝናብ፣ መብራት፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ ኤሲ ባንዴ... ባትሪው ያልቅሳል።

ቤንዚኑን በግምት ብቻ እንየው። ከተማ ውስጥ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር የምትጠጣ ቮልስ በኤሲው ምክንያት 10 በመቶ ብትጨምር፣ በቀን 30 ኪሎ ሜትር በወር 26 ቀን የሚነዳ ሰው በወር ወደ 8 ሊትር ተጨማሪ ይቀዳል። በዛሬው የነዳጅ ዋጋ አባዙት። ሰልፉን ሳንቆጥር።

«አንተ ደግሞ፣ ላብ አልብሶን አያውቅም መሰለህ» የሚለኝ ይኖራል። እውነቱን እንነጋገር፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ኤሲ የሚፈልገው ለሙቀቱ ብቻ አይደለም። መስኮት ለመዝጋት ነው። ፊት ለፊት ያለው አይሱዙ ጥቁር ጭሱን ይለቅባችኋል፣ የግንባታው አቧራ አለ፣ መገናኛ ላይ ደግሞ መስኮት ከፍቶ ስልክ ማውራት ስልኩን በነፃ እንደ መስጠት ነው። ይሄ ትክክለኛ ምክንያት ነው፣ አልቀልድበትም። የኔ ትልቁ ፍርሃት ግን የሚጀምረው እዚሁ፣ መስኮቱ ሲዘጋ ነው።

ቮልስ ውስጥ የሚገባው የማሞቂያ አየር የሚሞቀው የጭስ ማውጫውን በከበቡ ሳጥኖች ውስጥ አልፎ ነው። ሃምሳ ዓመት የሆነው ላሜራ ይዝጋል፣ ይበሳል። ያኔ የሞተሩ ጭስ ከአየሩ ጋር ተቀላቅሎ መኪናዋ ውስጥ ይገባል። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አንድደው ተኝተው ያልነቁ ሰዎችን ወሬ ያልሰማ የለም፤ ያው ጋዝ ነው። እስከዛሬ ብዙ ቮልስ ነጂዎችን ያዳናቸው መስኮታቸው ክፍት መሆኑ ሊሆን ይችላል። ኤሲ ደግሞ ያንኑ የውስጥ አየር እያዞረ ያቀዘቅዘዋል እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድን አያጣራም። ቪዲዮዎቹ ላይ ስለዚህ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። ስለ ስፒከሩ ግን አሥር ደቂቃ ያወራሉ።

ድሬዳዋ ከሆናችሁ ሒሳቡ ይገለበጣል። ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በሚያልፍበት በግንቦትና በሰኔ ኤሲ ቅንጦት ነው የሚል ሰው እዚያ አንድ ከሰዓት ይዋል። ድሬ ያለው አጎቴ ፔጆ 504 አለው፤ እሱ ኤሲ አስገጥማለሁ ሲለኝ «አስገጥም ጋሼ» ነው ያልኩት። 504 ሞተሩ ከፊት ነው፣ ራዲያተር አለው፣ ኮንደንሰሩ ከራዲያተሩ ፊት ቁጭ ይላል፣ ጉልበቱም ይበቃዋል፤ ለአንዳንድ ገበያ ከፋብሪካው ጭምር ከነኤሲው ይሸጥ ነበር። ሐረር ውስጥ ታክሲ ሆነው የኖሩት 404ዎችም አሠራራቸው ተመሳሳይ ነው። ራዲያተሩን ማጠብና የኤሌክትሪክ ማራገቢያ መጨመር ግን ግድ ነው፣ ምክንያቱም ሙቀቱን የሚያራግፈው ኮንደንሰር ራዲያተሩ ፊት ነው የተቀመጠው።

አጎቴ ላይ የገጠመው ችግር ሌላ ነበር። አንድ ሠራተኛ «የድሮው ኤሲ ካለ ጋዝ ብቻ እንሙላው» አለው። የድሮዎቹ መኪኖች ኤሲ የሚሠራው አር 12 በሚባል ጋዝ ነበር፤ የኦዞን ንጣፍን ስለሚጎዳ በ1987 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከገበያ ወጥቷል። ዛሬ ጋራዦች የሚሞሉት በአብዛኛው አር 134ኤ ነው። እሱ ደግሞ ከድሮው የኮምፕሬሰር ዘይት ጋር አይስማማም። ዘይቱ፣ ማድረቂያው፣ የመጋጠሚያ ጎማዎቹ ሳይቀየሩ ጋዙ ብቻ ቢሞላ ወይ ያፈሳል ወይ ኮምፕሬሰሩ ይነክሳል። አጎቴ ሌላ ጋራዥ ሄደ።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ቮልስ ካላችሁ፣ የኔ ቅደም ተከተል ይኸው ነው። መጀመሪያ የማሞቂያ ሳጥኖቹንና የጭስ ማውጫውን አስፈትሹ። ቀጥሎ ፍሬን። ከዚያ የበርና የመስኮት ጎማ፣ ከወለሉና ከጣሪያው ሥር የሙቀት መከላከያ ንጣፍ፤ ይሄ ብቻ ከምታስቡት በላይ ለውጥ ያመጣል፣ ድምፁንም ይቀንሳል። ቀጥሎ 12 ቮልትና አልተርኔተር። እዚህ ስትደርሱ ብር ከተረፋችሁ ኤሲውን ግጠሙ፣ ማንም አይከለክላችሁም። ወደ ኤሌክትሪክ ስለመቀየር የምታስቡ ደግሞ እስከዚያ ጠብቁ፤ ያኔ ኮምፕሬሰሩ የሚሠራው በባትሪ ስለሆነ የዛሬው የቺንጊያ ኮምፕሬሰር ከሞተሩ ጋር አብሮ ይወርዳል።

ጋራዥ ስትገቡም «ስንት ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። ዋጋው አልተርኔተሩን ይጨምራል ወይ? ኮንደንሰሩ የት ነው የሚቀመጠው? ላሜራ ትቆርጣላችሁ? ቺንጊያው መንገድ ላይ ቢበጠስ እኔ ራሴ መቀየር እችላለሁ? ብላችሁ ጠይቁ። አራተኛው ላይ የሚስቅ መካኒክ ካጋጠማችሁ ቁልፉን ተቀብላችሁ ውጡ።