ዳገቱን ከደረጃው ጀምሪ

አገርሽ ስትገቢ በታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ለመሳተፍ፣ ከዚያም ግማሽ ማራቶን ለመሞከር ካሰብሽ ዝግጅቱን እዚያው ጅዳ ወይም መካ ሆነሽ መጀመር ትችያለሽ።

ታላቁ ሩጫ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረ የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር ነው። ግማሽ ማራቶን ከ21 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል። የአዲስ አበባን ዳገት ደግሞ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ወደ ውጭ መውጣት ባትችዪ የሕንፃው ደረጃ አለልሽ። በሳምንት ሦስት ቀን ለ10 ደቂቃ፣ ሳትሮጪ፣ ቀስ ብለሽ ውጪ፤ ውረጂ። እየወጣሽ መናገር ካቃተሽ ፍጥነትሽን ቀንሺ። ጉልበትን ይበልጥ የሚፈትነው ቁልቁለቱ ነውና ስትወርጂ መደገፊያውን ያዢ። ሙቀቱ ከበረታ ተዪው፤ ውኃም ጠጪ።

ቀኑን ሙሉ ስትጠርጊ፣ ስታጥቢ፣ ስትሸከሚ የዋልሽው ድካም ከልምምዱ ጋር ይቆጠራል። እንቅልፍ ሳትጠግቢ ሌላ ድካም አትጨምሪበት፤ ዕረፍት ያጣ ሰውነት ይጎዳል እንጂ አይጠነክርም።

ጅዳ ከባሕሩ ጠርዝ ላይ ናት። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። እግርሽ ቢጠነክርም መጀመሪያ ትንፋሽ ያጥርሻል። ስለዚህ እንደገባሽ አትሩጪ፤ ሁለት ሦስት ሳምንት በእግርሽ ሂጂ፣ ከዚያ ሶምሶማ፣ በመጨረሻ ዳገት። ደረትሽን ከወጋሽ ወይም ካዞረሽ አቁመሽ ሐኪም አማክሪ።

«ዓመታት በሰው ቤት አለፉብኝ» ብለሽም ተስፋ አትቁረጪ። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ወርቅ ካገኘች በኋላ ልጅ ወልዳ፣ በ2000 በሲድኒ በዚያው በ10,000 ሜትር ድጋሚ አሸንፋለች። በርቺ፣ እህቴ!