ልፋቀው ወይስ ልተወው?



በምኒልክ ዘመን፣ በ1886 ዓ.ም.፣ ፓሪስ ታትመው ከወጡት የመጀመሪያ ቴምብሮቻችን ጀምሮ ሰብሳቢ የሚፈልገው ግልጽ ነው፦ ያልተነካ ወረቀት። የኦስትሪያ ፖስታ በ2011 ዓ.ም. ያወጣው «ክሪፕቶ ቴምብር» ግን ይህን አናጋው። አንዱ ክፍል ደብዳቤ ላይ የሚለጠፍ ቴምብር ነው። ሌላው እንደ ሞባይል ካርድ ይፋቃል፤ ከሥሩ ያለው የምስጢር ቁልፍ በኢቴሪየም ብሎክቼይን የተመዘገበውን ዲጂታል መንትያ ያስረክባል። የካ ሚካኤል ያሉ ሰብሳቢ ጎረቤታችን አንድ ደርሷቸው «ልፋቀው ወይስ ልተወው?» ቢሉን፣ «ይተዉት፣ ጋሼ» አልን። ለአልበም የተፋቀ ወረቀት የተበላሸ ነው።

እኛን ያሳሰበን ግን ቀለሙ ነው። ከ150,000ው ዲጂታል ቴምብር ጥቁሩ 78,500 ሲሆን ቀዩ 1,500 ብቻ ነው። ገዢው የትኛው እንደሚደርሰው ሳያውቅ ይከፍል ነበር። መድረሳ ስንቀራ ባሕር ውስጥ ያለ ዓሣ ለምን እንደማይሸጥ ተምረናል፤ ገረር ነው። እርግጥ ሲወጣ የቴምብሩ የፖስታ ዋጋም፣ መሸጫውም ያው 6.90 ዩሮ ነበር፤ ማንም ባዶ እጁን አይቀርም ነበር። ስለዚህ ለቴምብሩ ብሎ አንድ የገዛውን አንነቅፍም። ቀዩን ፍለጋ አሥር የሚገዛው ግን፣ በእኛ እይታ፣ ወደ ቁማር ተጠግቷል። ዝርዝር ፍርዱ የዑለማዎቻችን ነው።

ከምሕንድስናው በኩል አንድ ነገር እንጨምር፦ የተፋቀውን ቁልፍ ፎቶ አንስቶ ለጓደኛው በቴሌግራም የላከ ሰው ዲጂታል ቴምብሩንም አብሮ ልኮታል። የሚመልስለት ቢሮ የለም።